ጭላጩ የማን ነው

በዚህ ቤት ሻይ ሲቀዳ መጀመሪያ የሚቀዳው ለእኔ ነው። ይህ ክብር ነው የሚል ሰው ካለ ቀርቦ ፊት ለፊት ይንገረኝ።

የልጄ የተማም ሚስት ዚነት ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራዋ ገብታ፣ እግሯን ታጥባ ሻይ ስታፈላ ሁሌም እንዲህ ነው። አፉ ወርቅ የተቀባውን ብርጭቆ ትመርጣለች። ስኳር የሌለውን ለብቻው አፍልታ ትቀዳበታለች፣ ከሥሩ ማስቀመጫ ታደርግለታለች፣ በሁለት እጇ ይዛ መጥታ "እንኪ እማ" ትለኛለች። ከዚያ ወደ ምንጣፉ ትመለስና ከባሏና ከልጆቿ ጋር አንዱን በራድ ከበው ይንጫጫሉ። አንዱ የአንዱን ብርጭቆ ይነጥቃል፣ አንዱ በአንዱ ይስቃል። እኔ ወንበሬ ላይ ወርቄን ይዤ እቀመጣለሁ። የሚጠይቀኝ የለም፣ የሚሰድበኝም የለም።

አንድ ቀን "እንደ እንግዳ አታድርጉኝ" ብላቸው ተማም ሳቀብኝ።

"እማ ደግሞ፤ ሰው ሲከበር ይቆጣል እንዴ? ድሮም ቢሆን ለትልቅ ሰው ነው መጀመሪያ የሚቀዳው። ረስተሽው ነው።"

ድሮን ለእኔ ይነግረኛል። ድሮ እሱ የት ነበረና ነው? ፊደል አልቆጠርኩም፤ ስለ መጽሐፍ ብትጠይቁኝ ዝም እላለሁ። ስለ ሻይ ግን እኔን የሚያርም በዚህ ከተማ አልተወለደም። የበራዱ መጀመሪያ ለማን እንደሚቀዳ፣ መጨረሻውስ ለማን እንደሚቀር የተማርኩት በቅናት ነው። በቅናት የተማሩት ነገር ደግሞ አይረሳም።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጃንሆይ ገና ጎልማሳ ሳሉ። ቤታችን እዚሁ ድሬ፣ ገንደ ቆሬ ነበር፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ ግቢ፣ ግቢው መሀል አንድ የሮቃ ዛፍ። አባቴ ቀመር ባቡር ላይ ነው የሚሠራው። ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ሲመለስ ልብሱ ጭስና የባሕር ጨው ይሸታል፤ ከከረጢቱ የማይወጣ ነገር የለም። ሻይ ቅጠላችንን የሚያመጣው እሱ ነበር፤ ዝሆን በተሳለበት ቆርቆሮ። እናቴ ሃሊሞ ቆርቆሮውን በማንኪያ ጫፍ ፈልቅቃ ስትከፍተው መጀመሪያ የራሷን አፍንጫ ታስገባለች፣ ቀጥሎ የእኔን። ከሁለታችን በቀር ማንም አያሸተውም። ይህ ሕግ ነው ብሎ የነገረኝ የለም፤ እኔ ግን ሕግ አድርጌው ነበር።

በእኛ ቤት ሻዩ እንደ ሰዉ ነበር። ጠዋት ሻይ የሚባል ነገር የለም፤ ጠዋት የቡና ቅጠል ነው፣ ቁጢ፣ በጨውና በወተት ፈልቶ ጉሮሮ ጠርጎ የሚወርደው። ሻይ የሚጣደው ከአስር ሰላት በኋላ ነው፣ ፀሐይ ከሮቃው ጀርባ ስትዞርና ውሃ የተረጨው መሬት እፎይ ሲል። አባቴ ቅመም አይወድም። የሚጠጣው እንደ ሬንጅ የጠቆረውን ነው፤ ስኳሩን ጉንጩ ውስጥ ይወሽቅና ሻዩን በላዩ ላይ ያሳልፈዋል። ጎረቤታችን አዴ ሰምሰም ደግሞ ቅርንፉድ ካልበዛበት ሻይ ጠጣሁ አትልም፤ ስታወራ አፏ ጥርስ ነቃይ ቤት ይሸታል። ሌላው ሰው እናቴ ምድጃ ዙሪያ የሚሰበሰበው ለሄሉና ለዝንጅብሉ ነበር። እናቴ ስኳሩን በየብርጭቆው አታድልም፤ እዚያው በራዱ ውስጥ ከቅጠሉ ጋር ነው የምታፈላው።

አሁን ዋናውን ስሙ። እናቴ ለእንግዳ ትቀዳለች፣ ለአባቴ ትቀዳለች፣ ለጎረቤት ትቀዳለች፤ ለራሷ መጨረሻ ነው። በራዱን ዘቅዝቃ፣ ነካ ነካ አድርጋ፣ ዝንጅብሉም ስኳሩም የተኛበትን ወፍራሙን ጭላጭ በገዛ ብርጭቆዋ ትቀዳለች። ሁለት ጊዜ ፉት ትላለች። ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ እጇን ወደ ጎን ትዘረጋለች፤ እኔ እዚያ ነኝ። ከንፈሯ ባረፈበት በኩል አዙሬ እጨልጠዋለሁ። እህት ወንድም የለኝም፤ ከእኔ በፊት የተወለዱት አላደጉም። ያ ጭላጭ የእኔ ነበር። ድመት እንኳ ሥጋ ቤት በር ላይ እንደዚያ አትቆምም።

ዳሃቦ የመጣችው በዚህ መሀል ነው።

አባቷ ዐብዱላሂ ግመሎች ያሉት ሶማሌ ነበር። ለባቡሩ ጭነት ሲያመላልስ ከአባቴ ጋር ተዋውቀው ወንድም ሆነዋል። ሚስቱ ሞታበት ልጁን የምታሳድግለት ሴት አጥቶ ነበር። እኔ ይህንን ያኔ አላውቅም፤ "የዳሃቦ እናት ሩቅ ሄዳለች" ነው ያሉኝ። ሩቅ የሄደ ሰው እንደ አባቴ ከረጢቱን ሞልቶ እንደሚመለስ ነው እኔ የማውቀው። ስለዚህ ለልጅቷ ማዘን ቀርቶ እናቷ ከሩቅ ምን ታመጣላት ይሆን ብዬ በዚያም ቀናሁባት።

በእኔው ዕድሜ ነበረች፤ ቁመቷ ግን በጭንቅላት ይበልጠኛል። ረጅም አንገት፣ ቀጭን ክንድ፣ ዝም ያለ አፍ። አባቷ በጠዋት አምጥቷት በጠዋት ሄደ። አስር ሰላት አልፎ ሻዩ ሲፈላ እናቴ ከሣጥኗ አንድ ብርጭቆ አወጣች። አባቴ በዚያው ሰሞን ከጅቡቲ ያመጣው ነው፤ አፉ የወርቅ ቀለበት፣ ሆዱ ላይ ቀይ አበባ። በገለባ ተጠቅልሎ ነበር የመጣው፣ ገለባውን የፈታሁትም እኔ ነኝ። ላንቺ ነው ያለኝ ሰው የለም። ላንቺ አይደለም ያለኝም የለም።

እናቴ የበራዱን መጀመሪያ፣ አረፋው ገና ያልሞተውን፣ በዚያ ብርጭቆ ቀዳችው። ወተት ጨመረችበት። ከአባቴ በፊት፣ ከአዴ ሰምሰም በፊት ለዳሃቦ ሰጠቻት።

"ጠጪ፣ ልጄ" አለቻት።

ልጄ። ጆሮዬ ውስጥ እንደ ትንኝ ገባችብኝ።

ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እንዲሁ ሆነ። ውሃ ከቦኖ የማመላልስ እኔ፣ ከሰል የማራግብ እኔ፣ በራዱን ከምድጃ አንስቼ ምንጣፉ ዘንድ የማደርስ እኔ፣ ትሪ ይዤ የምቆም እኔ። እሷ ሁለት እጇን ከጭኗ በታች ሸጉጣ እንደ ሹም ልጅ ትቀመጣለች። አንድ ጠዋት ማራገቢያውን አንስታ ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ስትል እናቴ ሮጣ መጥታ ከእጇ ነጠቀቻት።

"አንቺ አይደለሽም። ሂጂ ተቀመጪ። ናፊሳ የት ሄደች?"

ናፊሳ፣ እኔው፣ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉን አይታለች።

ዛሬ ያንን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። እጇን የሸጎጠችው ከኩራት አልነበረም። የታሰረ ፍየል ሣር እንደሚያይ ነበር በራዱን የምታየው፤ እጇ ላይ ካልተቀመጠች እጇ ብድግ ይልባታል። ይህን ራሷ ነች የነገረችኝ፣ ሁለታችንም ወልደን ከብደን። ያኔ የታየኝ ግን ኩራት ብቻ ነው።

"እናንተ አገር ሻይ የለም?" አልኳት አንድ ቀን፣ የቆሸሹ ብርጭቆዎች ተሸክሜ በፊቷ ሳልፍ።

"አለ።"

"ታዲያ ለምን እዚያ አትጠጪም?"

ቀስ ብላ፣ "የእኛ በግመል ወተት ነው። ጢስ ጢስ ይላል። ከእናንተ ይጥማል" አለችኝ።

"የእኛን ቁጭ ብለሽ እየጠጣሽ?"

"ቁጭ በይ ስለተባልኩ ነው" አለች።

እኔ ይህንን ጉራ አድርጌ ወሰድኩት። ሲመሽ ለብቻዬ እየደጋገምኩ፣ አፌን አጣምሜ፣ "ቁጭ በይ ስለተባልኩ ነው" እላለሁ።

ከሁሉም የባሰብኝ ዓይኗ ነበር። እናቴ ጭላጩን ቀድታ እጇን ወደ እኔ ስትዘረጋ ዳሃቦ ወርቅ አፉን ብርጭቆ መሬት አስቀምጣ በዓይኗ የእናቴን እጅ ትከተላለች። ከእጇ እስከ አፌ። ወርቁ አልበቃት ብሎ ጭላጬን ተመኘች፣ አልኩ በሆዴ። በብዙ ነገር ተሳስቼ ይሆናል፤ በዚህ ግን አልተሳሳትኩም። ተመኝታ ነበር።

አንድ ቀን አዴ ሰምሰም ገና ሻዩ ሳይጣድ ቅርንፉዷን እያኘከች መጣች። ዳሃቦ ሮቃው ሥር ናት። እኔ ከማጀት በስተጀርባ ስኳር እሰርቃለሁ። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ወሬ አያስቀርም።

"ሃሊሞ፣ ምነው ይህችን ልጅ ቁጭ አድርገሽ ትቀልቢያታለሽ?" አለች ሰምሰም። "እጅ እግሯ ሙሉ ነው፤ ታግዝሽ እንጂ። ሰው ምን ይላል?"

"ሰው የፈለገውን ይበል" አለች እናቴ። "ከሰው ቤት መጥታ አንዴ በራድ የያዘች ልጅ እስክትሞት አታስቀምጠውም። ለዛሬ አግዢን ይሏታል። ከዚያ እሷ ካልቀዳች ሻይ የሚጠጣ ይጠፋል። እነሱ ተቀምጠው ሲስቁ እሷ ትሪ ይዛ ትቆማለች። ልጃችን ናት እያሉ ነው ታዲያ። ልጃችን ናት እያሉ።"

"አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር እዚያ ታደርሺዋለሽ።"

"አደርሰዋለሁ። አቦ ተይኝ፣ ሰምሰም።"

የሰረቅሁት ስኳር እጄ ላይ ቀለጠ። እጄን አየሁት፤ ከከሰሉ የተነሣ ጥፍሬ ሥር ድረስ ጠቁሯል። በዚህ ቤት በራድ የሚይዝ ማን ነው? ትሪ ይዞ የሚቆምስ? ቁጭ ብሎ የሚቀዳለትስ? ነገሩ ሁሉ በአንዴ ተገለጠልኝ። ከሰው ቤት የመጣሁት እኔ ነኝ። የዚህ ቤት ልጅ ዳሃቦ ናት፤ ሩቅ ቆይታ አሁን ተመለሰች። ከእኔ በፊት የተወለዱት አላደጉም የሚሉትም ለዚህ ነው። አንዷ አድጋለች፤ ደብቀውኝ ነው።

እናቴ የምትናገረው ስለ ራሷ እንደነበር ያወቅሁት ስዳር ነው፤ የመጀመሪያ በራዴን በእጄ ስታስይዘኝ ነገረችኝ። በልጅነቷ ከሐርላ መንደር አምጥተው ድሬ አንድ ትልቅ ነጋዴ ቤት አስገቧት። እንደ ልጃችን እናሳድጋታለን ብለው ነው ከእናቷ የተቀበሏት። አባቴ እስኪያገባት ድረስ የዚያ ቤት በራድ ከእጇ አልወረደም፤ አንድም ቀን ተቀምጣ ጠጪ አላሏትም። ዳሃቦን ከዚያ ነበር የምትጠብቃት። ፍቅር አልነበረም አልልም፤ ፍቅር ነበር፣ ግን ፍርሃት የወለደው ፍቅር ነው። እኔን የምታዘኝስ? ለእኔ ምን ትፈራ፤ የራሷ ነኝ። ይህንን ለልጅ ማን ያስረዳው።

በዚያው ቀን ሻዩ ሲያልቅ ጎኗ ሄጄ ቆምኩ፣ ለማረጋገጥ። እናቴ ራሷን አሟት ነበር፤ ግንባሯን በሻሽ ጠፍንጋለች። ጭላጩን ቀዳች። አንዴ ፉት አለች፣ ሁለቴ ፉት አለች። ሐሳብ ወስዷት ሦስተኛ ፉት አለችና ጨረሰችው። ብርጭቆውን ትሪው ላይ ደፋችው።

የቆምኩበት ቀረሁ። ዳሃቦ ታየኛለች።

ብዙም ሳይቆይ ዐብዱላሂ ከግመሎቹ ጋር መጣ። ጢሙን በሒና አቅልቶ፣ አዲስ ሽርጥ አገልድሞ፣ በጢስ የታጠነ የወተት ዕቃ በትከሻው አንጠልጥሎ ገባ። እናቴ በደስታ የምትሆነው ጠፋት። ሄሉን ወቀጠች፣ ዝንጅብሉን ቀጠቀጠች፣ የግመሉን ወተት ከቅጠሉ ጋር አፈላችው። እውነት ለመናገር ሽታው ግቢውን ሲሞላው ዳሃቦ ያልዋሸችኝ መሆኑን አወቅሁና የባሰ ተናደድኩ። ወንዶቹ ሮቃው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። አዴ ሰምሰምም አልቀረችም። ዳሃቦ አባቷ ጎን ተቀመጠች፣ እጇን ሸጉጣ። እናቴ መጀመሪያ ለእሷ ቀዳችላት፣ በወርቅ አፉ፤ ቀጥሎ ለአባቷ።

ዐብዱላሂ አንዴ ፉት አለና በልጁ እጅ ያለውን ብርጭቆ አየው። ከዚያ ትሪ ይዤ የቆምኩትን እኔን አየኝ።

"ዳሃቦ፣ ለሰው ቅጂ እስቲ" አላት።

እናቴ ቀድማ ተነሣች። "ኧረ እሷ አትነሣም። በእኔ ቤት አንድም ቀን በራድ ነክታ አታውቅም፤ ወላሂ ጠይቃት።" ይህን ያለችው በኩራት ነው፣ ደረቷን ነፍታ።

ዐብዱላሂ ብርጭቆውን በመዳፉ ከደነው። አንዴ ብቻ የቀመሰውን ሙሉ ብርጭቆ።

"ልጄ ከመጣች ዝናብ መጣ፣ ዝናብ ሄደ" አለ፣ ወደ አባቴ ዞሮ፣ ድምፁን ሳያነሣ። "ማርቲ ሦስት ቀን ነው፣ ቀመር።" ማርቲ በእነሱ ቋንቋ እንግዳ ማለት ነው፤ ድሬ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃታል። "ከሦስት ቀን በኋላ ማርቲ ይነሣል፣ ግመል ያልባል፣ የቤት ሰው ይሆናል። እኔ ልጅ ነው የሰጠሁህ። እንግዳ አልሰጠሁህም። ነገ እወስዳታለሁ።"

አባቴ ስኳሩን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረ። "ምን አጠፋን፣ ወንድሜ?"

"ምንም። ሻዩ ጥሩ ነው።"

አዴ ሰምሰም እንኳ ማኘኳን አቆመች። እናቴ በራዱን ምድጃው ላይ መልሳ አስቀመጠች።

ሰውዬው ያለው ግልጽ ነው፤ ልጄን እንደ ባዳ አስቀምጣችኋታል፣ ካልፈለጋችኋት ልውሰዳት ነው። ለእኔ ለቆምኩት ግን ሌላ ነበር የተሰማኝ። ልጅ ነው የሰጠሁህ አለ። ነገ እወስዳታለሁ አለ። ደግሞ ከመናገሩ በፊት ያየው እኔን ነው። ልጅ ሰጥቶ ልጅ ሊወስድ። ዳሃቦ እዚህ ወርቁን ይዛ ልትቀር፣ እኔ ነገ ግመል ላይ ተጭኜ ልሄድ።

ያኔ የእናቴ ቃል መጣልኝ። ከሰው ቤት መጥታ አንዴ በራድ የያዘች ልጅ። በራዱን የያዘው ነው የሰው ቤት ልጅ ማለት ነው። እንግዲያው ከነገ በፊት፣ ይህ ሁሉ ሰው እያየ፣ ዳሃቦ ትያዘው፤ የምትሄደው እሷ ትሁን።

ትሪውን መሬት ጣልኩ። ወደ ምድጃው ሄጄ በራዱን በቀሚሴ ጫፍ ይዤ አነሣሁና ዳሃቦ ፊት ሄጄ ቆምኩ።

"ያንቺ ነው፣ ያዢ" አልኳት።

"ናፊሳ" አለች እናቴ። ድምፅዋ እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም።

ዳሃቦ ወደ እናቴ አላየችም። ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር አወጣች፤ ከመሸጎጡ የተነሣ የምንጣፉ ስፌት መዳፏ ላይ ታትሟል። በራዱን ተቀበለችኝ፣ ተነሣች። ያቺ ዝም ብላ የምትቀመጥ ልጅ በአንዴ ሴትዮ ሆነች። የአባቷን መዳፍ ከብርጭቆው ላይ በጣቷ ገፋ አደረገች፣ የቀዘቀዘውን መሬት ደፋች፣ በራዱን እስከ ትከሻዋ አነሣችና ከዚያ ከፍታ አወረደችው። እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወረደ። ጠብታ አልባከነም። አረፋው እስከ አፉ ሞላ።

"ማርቲ" አለችው፣ ብርጭቆውን እየዘረጋችለት።

አባቷን ነው። እንግዳው አንተ ነህ ማለቷ ነው።

ዐብዱላሂ ሳይቀበላት ብዙ አያት። ከዚያ ሳቀ፣ ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆነ። በቀላ ጢሙ ላይ እንባው ሲወርድ ጠረገው። ተቀበላትና እየነፋ ጠጣ። እሷ ለአባቴ ቀዳች፣ ለሰምሰም ቀዳች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዘወር አለች።

"ናያ፣ አንቺ፣ ትሪውን አንሺ እንጂ። ምን ቆመሽ ታያለሽ?"

እኔን። በእኔ ግቢ። ግን አነሣሁ፤ ምን ላድርግ።

ዐብዱላሂ ደጋግሞ ጠጣ፣ በቃኝ እስኪል ብርጭቆው አልጎደለም። ስለ ነገ የተናገረ የለም። ወሬው ወደ ዝናብና ወደ ባቡሩ ዞረ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን በሻሿ ጫፍ ፊቷን ስታብስ ነበር፤ የልጇ የዳሃቦ አገልጋይ መሆን አቃጥሏት ነው ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። እሷ ግን ምን ስታስብ እንደነበር በእርጅናዋ ጠይቄያት፣ "እኔን የገደለኝ በራድ ለሌላው መድኃኒት ይሆናል ብዬ አላውቅም ነበር" ነው ያለችኝ። ለእናቴ በራድ መያዝ ገረድነት ነው፤ ለዐብዱላሂ የቤት ልጅነት ነው። ሁለት ደግ ሰዎች በአንድ በራድ ሊቀያየሙ ነበር።

በራዱ አለቀ። ዳሃቦ ዘቅዝቃ፣ ነካ ነካ አድርጋ፣ ልክ እናቴ እንደምታደርገው፣ ጭላጩን በእናቴ ብርጭቆ ቀዳች። ያን ሁሉ ጊዜ በዓይኗ ስትማር ነበራ። እናቴ ሁለት ጊዜ ፉት አለች። እጇን ወደ ጎን ዘረጋች።

እኔ እዚያ ነበርኩ። ዳሃቦም እዚያ ነበረች።

እናቴ ዞረች። በፊት ዞራ አታውቅም፤ እጇ ያውቀኝ ነበር። ሁለታችንንም አየችን።

"ተካፈሉት" አለች።

ዳሃቦ ቀድማ ጠጣች። ከግማሽ በላይ ጠጣች፤ እስከ ዛሬ ትክዳለች።

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ሮቃው ላይ ወጥቼ ተደበቅሁ፣ ግመል ላይ እንዳይጭኑኝ። ዐብዱላሂ ሲወጣ ከሥር ቆሞ ቀና ብሎ አየኝ። "ይህችን ጦጣ ደህና ጠብቂያት" ብሎ ለልጁ ነገራትና ብቻውን ሄደ። ዳሃቦ እስክትዳር ድረስ ከእኛ ጋር ኖረች። ከዚያ ወዲያ የዝሆኑ ቆርቆሮ ሲከፈት የሚገባው ሦስት አፍንጫ ነው። እኔ ልጅነቴን የጨረስኩት በግማሽ ጭላጭ ነው።

ይህን የሰሙ ሰዎች "አንቺ ነሽ ያስቀረሻት፤ ከአላህ ዘንድ አጅር አለሽ" ይሉኛል። አጅሩን ለፈለገ ይስጡት። እኔ በራዱን የሰጠኋት ላስወጣት ነው። እናቴን ስንቀብር እንኳ ዳሃቦ ከእኔ አስበልጣ አለቀሰች፣ ሰዉ ሁሉ እሷን ደግፎ ነው የወሰደው። "እናታችን" ትላለች እስከ ዛሬ። ትበል።

እንግዲህ ያለፈው ጁምዓ ዳሃቦ ልትጠይቀኝ መጣች። ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል፣ በከዘራ ነው የምትሄደው፤ ምላሷ ግን ደህና ነው። ዚነት ወንበር ብታቀርብላት፣ "እኔ ወንበር ምን ያደርግልኛል፣ ልጅ ነው የናፈቀኝ" ብላ እያቃሰተች ምንጣፉ ላይ ከልጅ ልጆቼ መሀል ወረደች። ዚነት እንደ ልማዷ መጀመሪያ ለእኔ ቀዳች። ወርቅ አፉ፣ ስኳር አልባው፣ ማስቀመጫው። "እንኪ እማ።" ከዚያ እነሱ ከዳሃቦ ጋር ተንጫጩ። ዳሃቦ በራዱን ከዚነት ተቀብላ ከላይ ስታወርደው ልጆቹ አፋቸውን ከፈቱ። በመጨረሻ ዘቀዘቀችው። ነካ ነካ አደረገችው። ትንሿ የልጅ ልጄ ብርጭቆዋን ደቀነች፤ ዳሃቦ ሁለት ጊዜ ፉት ብላ የቀረውን ሰጠቻት።

ቀና ብላ አየችኝ፤ ሳቀች። ምን እንዳሳቃት ለማወቅ ወደ ታች አየሁ። ብርጭቆዬ አጠገቤ ሙሉውን ቀዝቅዟል። ሁለት እጄም ከጭኔ በታች ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ከረመ። ዛሬ ደግሞ ጁምዓ ነው፤ ዳሃቦ መጥታ ምንጣፉ ላይ እየወረደች ነው፣ ዚነት ወርቁን ብርጭቆ ይዛ ወደ እኔ ስትመጣ መንገድ ላይ አስቆምኳት።

"ዚነት፣ እሱን ብርጭቆ ለዳሃቦ ስጪያት።"

"ያንቺ ነው እኮ እማ፤ ስኳር የለውም። ሐኪሙ—"

"የሐኪሙን እኔ ከሐኪሙ ጋር እጨርሳለሁ። ለእሷ ስጪ፣ መጀመሪያ። ከሥሩም ማስቀመጫ አድርጊለት። ወንበሬንም ውሰጂና አስቀምጫት፤ እንግዳ ናት። እኔን እጄን ያዢኝና ወደ ምንጣፉ አውርጂኝ። በራዱን ወዲህ አምጪው፤ የምቀዳው እኔ ነኝ። ሲያልቅ ደግሞ ጭላጩን ማንም እንዳይነካብኝ።"